ከስምንት ቡድን ስምንተኛ

ወገን፣ ዛሬ ብሶቴን ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዋሽንግተን ዲሲ ተቀምጦ ቤዝቦል የሚወድ ሐበሻ መሆን ማለት... እስቲ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዩ ስትሪት አካባቢ አንዲት ቡና ቤት እንሰበሰባለን። ቴሌቪዥኑ የፕሪሚየር ሊግ ነው፣ ይሁን። ሪሞቱን የነካ ጉድ ይፈላበታል፣ እሱም ይሁን። እኔን የሚያበግነኝ ስለ ቤዝቦል ትንፍሽ ባልኩ ቁጥር "ማን አገባ?" መባሌ ነው። ማንም አያገባም! አራት ዓመት ሙሉ አስረዳሁ። ኳሷን ይመታል፣ ይሮጣል፣ ዞሮ ከተነሳበት ይደርሳል፣ አለቀ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ "ማን አገባ?"

ባለፈው ሳምንት አንዱ ጓደኛችን ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ተከታትሎ ስለተሸነፈ "እንደኔ የተቃጠለ ደጋፊ የለም" እያለ አደረቀን። አላስቻለኝም። ስልኬን አወጣሁና የከተማችንን የድሮ ቤዝቦል ቡድን፣ የዋሽንግተን ሴናተርስን፣ የ1904 ውጤት አሳየሁት። 38 ድል፣ 113 ሽንፈት።

ማኪያቶውን ማማሰሉን አቆመ።

"ስንተኛ ወጡ?"

"ስምንተኛ።"

"ከስንት?"

"ከስምንት።"

"1904 በኛ ነው በፈረንጅ?"

በፈረንጅ ነው። አሜሪካዊው ዲፕሎማት ስኪነር አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ከተፈራረመ ገና አራት ወር አልሞላም። እዚህ ደግሞ የዋና ከተማው ቡድን ውድድሩን ሲጀምር አንድም ድል ሳያይ 13 ጊዜ ተሸነፈ። አሰልጣኙ ኪትሪጅ ራሱም ተጫዋች ነበር። አንድ አሸንፎ 16 ተሸንፎ ቦታውን ለፓትሲ ዶኖቫን አስረከበ። ዶኖቫንም 97 ሽንፈት ጨመረበት።

እኔ አንጀቴን የሚበላኝ ጃክ ታውንሴንድ ነው። ኳስ ወርዋሪ ነው፤ በቤዝቦል ድልም ሽንፈትም በወርዋሪው ስም ይመዘገባል። በዚያ ዓመት 5 ጊዜ አሸነፈ፣ 26 ጊዜ ተሸነፈ። አስቡት እስቲ፣ 26 ጊዜ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ሲገባ ሰፈሩ ምን ይለዋል? በርግጥ ቡድኑ ቀድሞም ሐዘን ላይ ነበር። ትልቁ መቺያቸው ኤድ ዴላሃንቲ ከሞተ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሰክሮ አስቸገረ ብለው ከባቡር በሌሊት አወረዱት፣ ከናያግራ ወንዝ ድልድይ ወደቀ። ሬሳው ከፏፏቴው በታች ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው ያጣ ቡድን ምን ይጠበቅበታል?

ይኼን ሁሉ ስተርክ ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። አሁን ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ታዲያ ወረዱ?"

አይወርዱም! አሜሪካ ውስጥ መውረድ የለም። ሊጉ የባለቤቶች ማኅበር ነው፣ ቦታውን የያዘ ያው ያዘው፣ 113 ጊዜ ብትሸነፍም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ነህ። ስሙን ግን ቀየሩት፣ በ1905 "ናሽናልስ" ተባሉ። ሰዉ ሴናተርስ ማለቱን አልተወም። ሰባተኛ ወጡ፣ በ1907 ተመልሰው ስምንተኛ።

"113 ጊዜ ተሸንፎ አለመውረድ ሌብነት ነው" ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሙሉ ቤቱ ዞረ። "ዋንጫውንስ ማን በላ?"

ሊጉን ቦስተን አሸነፈ፣ ከኛ 55 ጨዋታ ተኩል ቀድሞ (በቤዝቦል ልዩነቱ የሚቆጠረው በጨዋታ ነው፣ ግማሽም አለ)። የሁለቱ ሊጎች ፍጻሜ ግን አልተካሄደም። የሌላኛው ሊግ አሸናፊ የኒውዮርክ ጃያንትስ የኛን ሊግ፣ አሜሪካን ሊግን፣ ንቀው አንጫወትም አሉ።

"እምቢ ማለት ይቻላል እንዴ?!"

በቃ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰው። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው። መልስ አጣሁ። ቻርልስ ድራይደን የሚባል ጋዜጠኛ የቡድኑን ነገር "ዋሽንግተን፦ በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ መጨረሻ" ብሎ ጨርሶታል። ለጆርጅ ዋሽንግተን የተባለውን ውዳሴ ነው ገልብጦ የቀለደበት። ይቺን ለማስታረቂያ ወረወርኳት። ሳቁ። ግን በእኔ ነው የሳቁት።

ደግሞ የሩቅ ታሪክ አይደለም እኮ። ከ1904 ጀምሮ ሲጫወቱበት የነበረው ሜዳ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት። ከቡና ቤታችን በእግር ይደረሳል። ግማሾቻችን መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ በየሳምንቱ እንዞረዋለን። ታውንሴንድ የተሸነፈበትን ሰፈር ስንዞር ነው የምንውለው ብላቸው "አንተም እንደሱ ነህ፣ ቦታ አታገኝም" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ታውንሴንድ ሆኗል። ትናንት ሂሳብ ሲመጣ ደረሰኙን ወደኔ ገፉት፣ "26ኛው ሽንፈት ነው፣ ክፈል።" ማኪያቶ ብቻ ቢሆን አልናደድም። ሁለት ጥብስ አለበት።