መሃሉ ባዶ፣ ዳሩ ግንባታ

የውኃ መስመር፣ መብራትና አስፋልት ደጃፉ ድረስ የደረሰለት የመሃል ከተማ ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ አረም ሲያበቅል፣ ከተማው ግን የገበሬውን ማሳ እየዋጠ ወደ ዳር መለጠጡ ያንገበግበኛል። ዳር ላይ ለሚበተን ለእያንዳንዱ ሰፈር አዲስ ቱቦ መቅበር፣ አዲስ መንገድ መጥረግና አውቶቡስ ማሰማራት ግድ ነው፤ ወጪውንም (ሌላ ማን ሊሸከመው?) ነባሩ ነዋሪ ጭምር ይከፍለዋል። በአሜሪካዋ ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ሕግ ከተሞች የዕድገት ወሰን (ከተማው ከዚያ አልፎ እንዳይለጠጥ የሚያግድ መስመር) እንዲያሰምሩ መሠረት ጥሏል፤ ሆኖም በወሰኑ ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ካልተገነባበት፣ መስመሩ ብቻውን የቤት ዋጋ ያንር ይሆናል እንጂ ቤት አይሠራም። በሌላም ስፍራ ብዙ ጊዜ፣ ጎረቤታም ከተሞች የሚጋሩት ክልላዊ ፕላን ተጠጋግቶ መገንባትን ሲሰብክ፣ የት ምን እንደሚገነባ የሚወስነው የዞን ደንብ ሰፊውን ቦታ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ይፈቅዳል፤ ጎረቤታሞቹ ከተሞች ደግሞ ፕላኑን ፈርመው ሲያበቁ፣ ግብር ከፋይ ለመሻማት በየፊናቸው ማሳ ይሸነሽናሉ።