ከ2025 የዝግጅት ጨዋታዎች የጠበቅሁት

የእንግሊዙ አርሰናል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በሆንግ ኮንግ በወዳጅነት ጨዋታ በቶተንሃም 1 ለ 0 መሸነፉን የመጥፎ የውድድር ዘመን ምልክት ያደረገ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ እኔ ግን ሐሳቡን አልተቀበልኩትም። የቶተንሃሙ ፓፕ ማታር ሳር ግብ ጠባቂያችን ራያ ከግቡ ርቆ መውጣቱን አይቶ ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ ያስቆጠራት ግብ እጅግ ብታናድደኝም፣ የወዳጅነት ጨዋታ ጥቅሙ እንዲህ ያለው ክፍተት ነጥብ ሳያስከፍል መታየቱ ነው። ይበልጥ ያሳሰበኝ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን በሊጉ 14 ጊዜ አቻ መውጣታችን ነበር፤ አጥቂዎቹ ሃቨርትዝና ጄሱስ በጉዳት ከራቁ በኋላ አማካዩ ሜሪኖ በአጥቂነት እስከ መሰለፍ ደርሶ ነበር። ስለዚህ ለፖርቱጋሉ ስፖርቲንግ በአንድ የሊግ ዘመን 39 ግቦችን ያስቆጠረው የያኔው አዲሱ አጥቂያችን ቪክቶር ዮኬሬሽ፣ የ2025/26 ሊግ ሳይጀመር ከቡድን ጓደኞቹ ከኦዴጋርድና ከሳካ ጋር በሚገባ እንዲግባባ ከልቤ ተመኝቼ ነበር። ይህ ከተሳካ፣ እስከዚያ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ የወጣው ቡድናችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ እስከዚያ ጊዜ ርቆት የነበረውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ እንደሚያነሳ አምኜ ነበር።