«እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?»

የቴሌቪዥን ድራማ አዲስ ሲዝን በጀመረ ቁጥር ሐዋሳ ላይ አንድ ቅሬታ አይጠፋም። ካፌ ውስጥ ይነሳል፣ ባጃጅ ውስጥ ይነሳል፣ ቤት ውስጥም ሪሞቱን የያዘው ሰው ይለዋል፦ «እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» ያለፈው ሲዝን ያበቃው ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ሳይታወቅ ነው። ተመልካቹ ወራት ጠብቋል። ቴሌቪዥኑን ሲከፍት ግን ገዳዩ የለም። ሦስት የማያውቃቸው ፊቶች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«ሕዝቡ አዲስ ፊት አይወድም፣ ቆይቶ ይለምደዋል» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። አይዋጥልኝም። ሕዝቡ አዲስ ፊት የማይወድ ቢሆን ኖሮ ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ያ ሁሉ ቱርክ አማርኛ እየተናገረ ሳሎናችን ባልገባ ነበር። በአንዱ ድራማ የሞተው ሰውዬ ድምፅ በሌላው ድራማ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ እንኳ ችለን አይተናል።

ተመልካቹን የሚያናድደው ጥያቄውን ብቻውን እንዲጠይቅ መተዉ ነው። ምስጢር ባለበት ድራማ ውስጥ አዲስ ሰው ብቅ ሲል፣ «አንተ ደግሞ ማነህ?» ማለት ያለበት መጀመሪያ እዚያው ድራማ ውስጥ ያለ ሰው ነው። እሱ ከጠየቀ እኛም አብረነው እንጠይቃለን፣ አብረነው እንጠረጥራለን። እሱ ዝም ካለ ግን ጥያቄው ለእኛ ይተርፋል። ያኔ የምናፋጥጠው ገጸ ባሕርዩን ሳይሆን ደራሲውን ነው።

ለዚህ ከሎስት የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ላላያችሁት፦ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 በአሜሪካው ኤቢሲ ስድስት ሲዝን የታየ ድራማ ነው። ከሲድኒ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረ አውሮፕላን ተሰብሮ አንድ ደሴት ላይ ይወድቃል። ባሕር ዳርቻው ላይ 48 ሰዎች ይተርፋሉ። ጫካው ውስጥ ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ይጮሃል። መሬት ውስጥ የተቀበረ የብረት በር ይገኛል። ደግሞ ደሴቱ ላይ ከእነሱ በፊት የነበሩ ሰዎች አሉ።

እዚህ ብዙዎቻችን ሎስትን ያየነው በፍላሽ ነው። አቶቴ አካባቢ አንዲት ጠባብ ፊልም ቤት ነበረች። ጠረጴዛው ላይ የደንበኛ ፍላሽ ተደርድሮ፣ በየፍላሹ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ፣ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ስም ተጽፎ ተራውን ይጠብቃል። አንድ ከሰዓት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሦስተኛውን ሲዝን ቀሪ ልታስጭን መጣች። ስለ ኒኪና ፓውሎ አንስታ «እነዚህን ሁለቱን ሳያቸው ደሜ ይፈላል» አለችው። ፊልም የሚጭነው ልጅ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ክፍል 14 እንዳያመልጥሽ» አላት። ለምን ብትለው፣ «እዪውና ትመርቂኛለሽ» ብሎ ዝም።

የኒኪና የፓውሎ ነገር እንዲህ ነው። ከ48ቱ የተረፉ ሰዎች ውስጥ ታሪካቸውን የምንከታተለው 14 ነበሩ። ሌሎቹ ከኋላ እንጨት ይለቅማሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ተመልካቹም «እነዚያስ ምን እየሠሩ ነው?» ማለት ጀመረ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ደራሲዎቹ በሦስተኛው ሲዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ፣ መልስ ይሆናሉ ብለው ሁለት ቆንጆ ወጣቶች ከኋላ ወደ ፊት አመጡ። ችግሩ ሁለቱ እንደ አዲስ ሰው አለመምጣታቸው ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው እንደነበሩ ተደርገው መጡ። ነባሮቹ እንደ ትናንት ወዳጅ ያወሯቸዋል። በመጡ ሰሞን ዞር ብሎ «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ያለ አንድ ሰው የለም።

የተከራይ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል። አዲስ ተከራይ ሲገባ ግቢው በሙሉ ዓይን ነው። ፍራሹ ይታያል፣ ምድጃው ይታያል፣ ማን እንዳመጣው ይጠየቃል። ቡና እስኪጠራ ድረስ ጨዋታው ለብ ያለ ነው። አሁን አንድ ጠዋት የማታውቁት ሰው ከቧንቧው ሥር ፊቱን እየታጠበ «እኔ እኮ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ዓመት ሆኖኛል» ቢላችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁም «አዎ፣ ምነው?» ቢሉ፣ ምን ትላላችሁ? ሎስት ያደረገን ይህንን ነው።

ክፍል 14 እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2007 ተላለፈ። ደራሲዎቹ ወደ ኋላ ተመልሰው ሁለቱን በድሮዎቹ ትዕይንቶች ውስጥ ሰካክተዋቸዋል፤ አውሮፕላኑ በወደቀበት ቀን ሳይቀር እዚያ አሉ። 8 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አልማዝ ሰርቀው እንደነበር እናውቃለን። ከዚያ ሸረሪት ይነድፋቸዋል፣ ሰውነታቸው ይደነዝዛል፣ ጓደኞቻቸውም የሞቱ መስሏቸው በሕይወት እያሉ ይቀብሯቸዋል። የኒኪ ዓይን ተገልጦ አፈሩ ይወርድባታል። ጭካኔው ይዘገንናል፤ ግን አልዋሽም፣ ያን ክፍል እወደዋለሁ። የድራማው ዋና ደራሲዎች ዴመን ሊንድሎፍና ካርልተን ኪዩስ ተመልካቹ እንዳልተቀበላቸው በአደባባይ ተናግረዋል። የፊልም ቤቱ ልጅ ምርቃቱን ሳያገኝ አልቀረም።

በነገራችን ላይ ይኸው ድራማ በመጀመሪያው ሲዝን ይህንኑ ነገር አሳምሮ ሠርቶት ነበር። አርዝት የሚባል የሳይንስ መምህር አለ። ከኋላ ካሉት አንዱ ነው። ከዋናዎቹ አንዱ ለሆነው ለሃርሊ የሚያቀርበው አቤቱታ፣ እናንተ ጥቂቶቹ ብቻ ተሰብስባችሁ ትወስናላችሁ፣ እኛን ማን ቆጠረን የሚል ነው። የተመልካቹን ጥያቄ ራሱ ገጸ ባሕርዩ ጠየቀው ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ዲናማይት እጁ ላይ ፈነዳ። የቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ስሙን ግን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

አሁን ወደ ትልቁ እንግዳ እንምጣ። በሁለተኛው ሲዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ፣ ጫካ ውስጥ በወጥመድ መረብ የተያዘ ሰው ይገኛል። ስሙ ሄንሪ ጌል እንደሆነ፣ ከሚስቱ ጋር በፊኛ ሲበር ደሴቱ ላይ እንደወደቀ፣ ሚስቱም እንደሞተች ይናገራል። ከነባሮቹ አንዱ ሳይድ፣ የኢራቅ ጦር መርማሪ የነበረው፣ ዘግቶበት ይጠይቀዋል። የሚጠይቀው ስለ ምስጢሩ አይደለም። ስለ ቀብሩ ነው። ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቅ ነበር? ስንት አካፋ አፈር? በእጅህ ነው የቆፈርከው? ሰውየው በትክክል መመለስ ያቅተዋል። ሚስቱን በእጁ የቀበረ ሰው ደግሞ ይህን አይረሳም። ሳይድ ያመረረው እዚያ ላይ ነው።

በኋላ ሄደው ያጣሩለታል። ፊኛው አለ። መቃብሩም አለ። ሊፈቱት ምንም አልቀረም። ሳይድ ግን መቃብሩን ቆፈረው። ከውስጡ የወጣው የወንድ አስከሬን ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ ሄንሪ ጌል የሚል ስም አለ፣ ፎቶው ግን የጥቁር ሰው ነው። የታሰረው ነጭ ሰውዬ ታዲያ ማነው?

ይህን ሰው ልብ በሉልኝ። ከታሰረ ወዲያ ክፍል ሙሉ ምንም አላደረገም። አልሮጠም፣ አልተኮሰም። ቁጭ ብሎ ተጠየቀ፣ በቃ። ግን በእሱ ምክንያት ነባሮቹን በአዲስ መልክ አየናቸው። አንዱ ይራራለታል፣ አንዱ ይደበድበዋል፣ አንዱ ይጠራጠራል፣ ሁለቱ በእሱ ጦስ ይጣላሉ።

አና ሉሲያ ደግሞ ነገሩን ገለበጠችው። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፕላኑ ጅራት ውስጥ የነበሩት በሌላው የደሴቱ ጎን እንደተረፉ ታወቀ። ከነባሮቹ ሶየርን፣ ማይክልንና ጂንን ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ከተቷቸው። ከጅራቱ ሰዎች አንዷ የሆነችው አና ሉሲያም የታሰረች መስላ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገባች፤ እነማን እንደሆኑ ለማውጣጣት። አዲሷ ናት ነባሮቹን «ከየት መጣችሁ?» የምትለው። በኋላ ከነባሮቹ አንዷን ሻነንን በስህተት ተኩሳ ስትገድል ሕዝቡ ጠላት። ይጥላት እንጂ! ምን ፈልጋ መጣች ያላት ግን የለም።

ስለ ሁለት የኤፍቢአይ መርማሪዎች፣ ሞልደርና ስካሊ፣ የሚተርከው የአሜሪካ ድራማ ኤክስ ፋይልስም እ.ኤ.አ. በ2000 ሞልደር ሲጎድልበት ዶጌት የሚባል አዲስ መርማሪ አመጣ። ዶጌት ማንነቱን ደብቆ ሊያወጣጣት እንደሞከረ ስካሊ ስታውቅ ውሃ ፊቱ ላይ ቸለሰችበት። ያንን ውሃ የደፋነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲያ ዶጌትን ቀስ እያልን ለመድነው።

ወደ ሀገራችን ድራማዎች ስንመለስ አዲስ ሰው የሚገባባቸው በሮች ጥቂት ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ። በልጅነቱ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ። ከሌላ ጣቢያ የተዛወረ መርማሪ ፖሊስ። በሮቹን አልነቅፍም፤ በእነዚህ በሮች የሚገባ ሰው በእውነተኛው ኑሮም አለ። የሚገርመኝ አቀባበሉ ነው። ቤት ውስጥ የማይታወቅ ገዳይ ሲፈለግ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ከዳላስ የመጣ የወንድም ልጅ ይገባል፣ ሁሉም ይስመዋል፣ ቡና ይፈላል። «እስከ ዛሬ የት ነበርክ? አሁን ለምን መጣህ?» የሚል አንድ አክስት እንኳ የለም። የትኛው የኢትዮጵያ ቤት ነው እንዲህ ዝም የሚለው? አክስቶቻችን ደመወዝ ይጠይቃሉ፣ ለምን አላገባህም ይላሉ፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውን በዓይናቸው ይመዝናሉ። ድራማው ላይ ሲሆን ግን ሁሉም ጨዋ ይሆናል።

ምክንያቱን አላጣሁትም። ተዋናይ ውጭ ሀገር ይቀራል። በክፍያ አለመስማማት አለ። ስፖንሰር ሲገኝ ክፍሉ ይረዝማል፣ ሲጠፋ ያጥራል። መጨረሻው መቼ እንደሆነ የማያውቅ ደራሲ አዲስ ሰው የሚያስገባው ጊዜ ለመግዛት ነው። ሎስትም በዚህ ታሞ ነበር። የዳነው እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ነው፤ ድራማው በ2010 እንደሚያበቃ ያኔ በይፋ ተወሰነ። ልዩነቱ በአራተኛው ሲዝን ታየ። ከመርከብ በሄሊኮፕተር የመጡት አዲስ ሰዎች ዋና ጉዳያቸው የተረፉትን ማዳን እንዳልሆነ ገና በጠዋቱ ፍንጭ ሰጡ። ነባሮቹም ታዲያ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ ብለው ያዟቸው።

ሌላ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። ሐዋሳ በድራማዎቻችን ውስጥ የጫጉላ ከተማ ናት። ገጸ ባሕርያቱ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይሄዳሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይታቀፋሉ፣ ይመለሳሉ። ይህች ከተማ ግን ለምስጢር ድራማ የተሠራች ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በአንድ ክፍል ለአራት ለአምስት ሆነው ይከራያሉ። በየግቢው በየወሩ አዲስ ፊት ነው። ደራሲው አክስት መፍጠር እንኳ አያስፈልገውም፤ አከራይዋ አለችለት። ቁልፍ ከመስጠቷ በፊት የመታወቂያ ኮፒ ትጠይቃለች። ልጅቷ ዲላ ነኝ ትላለች፣ መታወቂያው ሻሸመኔ ይላል። አከራይዋ መነጽሯን አድርጋ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ልጅቷን ታያለች፣ ከዚያ «ግቢ የኔ ልጅ» ብላ ኮፒውን ጡቷ ሥር ትወሽቀዋለች። እኔ ያንን ድራማ አንድም ክፍል አላሳልፍም።

ለፕሮዲውሰሮች ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ወጪም ይቀንስላችኋል። ሄንሪ ጌል ነኝ ያለውን ሰውዬ የተጫወተው ማይክል ኤመርሰን መጀመሪያ የተቀጠረው ለሦስት ክፍል ነበር። አዘጋጆቹ ወደዱት፣ ጨመሩለት፣ እስከ መጨረሻው ቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በዚሁ ሚና ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደ። እናንተ አዲሱን ተዋናይ ገና ሲዝኑ ሳይጀምር መሐል ፖስተር ላይ ትለጥፉታላችሁ። እሱ ላይ ማን ይጠረጥራል? ሙሉ ሲዝን እንደሚቆይ ፖስተሩ ነገረን እኮ። ለሦስት ክፍል ቅጠሩት። ፎቶውን ደብቁት። ባጃጅ ውስጥ ሰው ስለ እሱ መከራከር ከጀመረ ያኔ ውሉን አራዝሙለት።