ለሌላውም ይትረፍ አሉን

ኧረ በፈጣሪ! ከዚያ መስኮት አሁን መውጣቴ ነው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ። አይኤስቢኤን፣ ማለትም ባለ 13 አሃዙ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ የሚሰጥበት መስኮት ነው።

ከፊቴ የቆሙት ሽበታም አሳታሚ ለአንድ ልቦለድ ሁለት አይኤስቢኤን ጠየቁ፤ አንዱ ለወረቀቱ፣ አንዱ ለኢ-መጽሐፉ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ስንት ነው?» አላቸው የመስኮቱ ሠራተኛ።

«አንድ ነው የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ሁለት ቁጥር ምን ያደርግልዎታል? ለሌላውም ይትረፍ እንጂ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። ይትረፍ! የሰርግ ቤት ክትፎ ነው እንዴ?

ደንቡ እኮ ግልጽ ነው። ለስስ ሽፋን፣ ለጠንካራ ሽፋን፣ ለኢ-መጽሐፍ ለየብቻቸው ቁጥር ይሰጣል። ይዘቱ ተሻሽሎ አዲስ እትም ከወጣም አዲስ ቁጥር። ምንም ሳይነካ እንደገና ከታተመ ግን ያው የድሮው ነው፣ ዋጋው እጥፍ ቢሆንም። (ስለ ወረቀት ዋጋ ጭራሽ አታስጀምሩኝ።)

ቁጥሩ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው፣ አልክድም። ከ13ቱ አሃዞች መነሻው 978 ሦስቱን ይይዛል፤ ቀጥሎ የኢትዮጵያ መለያ 99944 አምስት ቦታ ይበላል። የመጨረሻዋ ማረጋገጫ አሃዝ ናት፣ ቁጥሩ ሲጻፍ ስህተት እንዳይገባ መቆጣጠሪያ። ለአሳታሚና ለመጽሐፍ በጋራ የሚተርፈው 4 አሃዝ ብቻ! ባለ 3 አሃዝ የአሳታሚ መለያ ከደረሳችሁ 10 ቁጥር ይዛችሁ ትወጣላችሁ፤ ባለ 2 ከሆነ 100። ስለዚህ ስትመዘገቡ በየዓመቱ ስንት መጽሐፍ እንደምታወጡ አስረድታችሁ ጠይቁ፤ ኢ-መጽሐፉንም ቆጥራችሁ። 10ሩ ሲያልቅ ሌላ መለያ ፍለጋ እዚያው ሰልፍ ነው።

ዲዛይነሮቻችንስ! የሌላ ደንበኛ ፋይል ላይ ያለውን ባርኮድ ቀድቶ የሚለጥፍ አለ፤ መደብር ውስጥ ግጥሙ ሲቃኝ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይመጣል። የመጨረሻዋን አሃዝ በግምት የሚጽፍም አለ። ወንድሜ፣ ሒሳብ ነው! ከእሷ በፊት ያሉትን አሃዞች በተራ በ1 እና በ3 እያባዛችሁ ደምሩ፤ ድምሩን ወደሚቀጥለው ሙሉ አሥር የሚያደርሰው ነው ማረጋገጫው፣ ሙሉ አሥር ከሆነ ደግሞ 0። በ97899944 ለሚጀምር የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ ድምር ሁሌም 117 ነው፣ የቀሩትን አራቱን ብቻ እንዲሁ እያባዛችሁ ትጨምራላችሁ። ለዚህ ምን ግምት ያስፈልጋል? ደግሞ ቁጥሩን ስትገለብጡ ተጠንቀቁ፤ ጎን ለጎን ያሉ 2 እና 7 ቦታ ቢለዋወጡ ይሄ ሒሳብ አይይዘውም። ልዩነታቸው 5 የሆነ ሁሉ እንደዚያው ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ ደግሞ ባርኮዱን ቀይ የሚያደርጉ አሉ፣ ከሽፋኑ ጋር እንዲሄድ! የመቃኛው መብራት ራሱ ቀይ ነው፤ ቀይ መስመር አይታየውም። ጥቁር መስመር በነጭ መደብ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ፤ አለቀ።

ይሄን እየጻፍኩ አንዱ በቴሌግራም ላከልኝ፦ «ባርኮዱን ወርቅማ ብናደርገውስ?»

አልመልስለትም።