ውዳሴ ለድንገተኛው ክረምት

ዘንድሮም ክረምት በድንገት ገባ። ሰኔ ከግንቦት ቀጥሎ እንደሚመጣ ማን ጠርጥሮ! ባለፈው ሳምንት ጎርፉ ሳያንኳኳ ገብቶ ፍራሻችንን ሲያንሳፍፍ፣ በማግስቱ የመጡት ኃላፊ ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው «ያልተጠበቀ ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። የጠበቅነው አልጋችንን በብሎኬት ከፍ ያደረግነው እኛ ብቻ ነን።

ስሌታቸውን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። ቦይ ቀድሞ ማስጠረግ ወጪ ነው፤ ብርድ ልብስ ማደል ዜና ነው። ያልደረሰ አደጋ ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ እንኳ ቢያንስ አበል አይቀበልም።

የሰፈራችንን ቦይ ጭቃ ታውቁታላችሁ? በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተዝቆ ይወጣና እዚያው ጠርዙ ላይ ይከመራል። የሚያነሳው መኪና በጀት አልተያዘለትማ። ሁለት ሳምንት ፀሐይ ይሞቃል፤ ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ አቅፎ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። በዓመቱ ያው ጭቃ ይዛቃል፣ ለዚያው ጭቃ ይከፈላል። እኔ በመልክ ለይቼዋለሁ፤ አንድ የግራ እግር ኮንጎ ጫማና አንገቱ የተቆረጠ ሰማያዊ ጀሪካን ታቅፏል። ዘንድሮ አምስተኛ ክረምቱ ነው። ዛቂዎቹም «አንተ፣ ዛሬም አለህ?» ይሉታል። በወረዳው እንደሱ ያለ ነባር የለም፤ ኃላፊዎች ሲቀያየሩ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ለጡረታ ፎርም ቢሞላ አልፈርድበትም።

ዝናቡ ግን እንደኛ አይደለም፣ አቅሙን አሳድጓል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን መሸከም ይችላል። ቦያችን ያው ቦይ፣ ጭቃችን ያው ጭቃ።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነው የደቻቱ ወንዝ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ድሬዳዋን በሌሊት መታ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ተኝተው ነበር! ከእናታቸው ጉያ የተነጠቁትን ሕፃናት በየትኛው ዓምድ ነው የምትደምሯቸው? «ቁጠባ» በሚለው?

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርኩ። ከጎርፉ በኋላ ቦያችን በአስቸኳይ ተዝቋል፤ ጭቃው ጠርዙ ላይ ነው። ትናንት ማታ ትንሽ አካፋ። ጠዋት ወጥቼ አየሁ፤ ኮንጎ ጫማው ገብቷል፣ ጀሪካኑ ገና ነው። በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።