ኦባማ አልፈረመበትም

ወንድሜ፣ ቅድም ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተራው ጋ ቡና ስንጠጣ «አሜሪካ ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ፈርሞ የፈቀደው ኦባማ ነው» ስትል፣ ጀበናዋን ይዛ የቆመችው ልጅ ሳትቀር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው። ግን እንደዚያ አይደለም።

የወሰነው ፍርድ ቤት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2015፣ በ5 ለ4 ድምፅ። አንድ ዳኛ ወደ ወዲያኛው ቢያዘነብሉ ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ፍርዱን የጻፉት አንቶኒ ኬኔዲን የሾሙት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት ሬገን ናቸው! ይቺን ማንም አያነሳትም።

ኦባማማ በ2008 ሲወዳደሩ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው ይሉ ነበር። ካሊፎርኒያ እሳቸውን በመረጠችበት በዚያው ቀን የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በሕዝብ ድምፅ ከልክላለች። በሜይ 2012 መጀመሪያ ያኔ ምክትላቸው የነበሩት ባይደን ጋብቻውን እንደሚደግፉ በቴሌቪዥን ተናገሩ፤ በሦስተኛው ቀን ኦባማ ተከተሉ። የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ግን ከ2004 ጀምሮ ታጋባ ነበር፤ እዚያም በፍርድ ቤት ትእዛዝ።

ወሬው የመጣው፣ በእኔ ግምት፣ ውሳኔው በተሰጠበት ማታ ዋይት ሀውስ በቀስተ ደመና ቀለማት ስለደመቀ ነው። በወሩ ደግሞ ሰውየው አዲስ አበባ ገቡ። በቃ፣ ሁለቱ ተያያዙ።

የፈረመ ፕሬዚዳንት ካስፈለገህ ባይደን አሉልህ፣ በዲሴምበር 2022። ያም ሕግ ቢሆን ክፍለ ግዛቶች ሌላ ጋ የተፈጸመውን ጋብቻ እንዲቀበሉ ያስገድዳል እንጂ ራሳቸው እንዲያጋቡ አያዝም።