ሎኩ የኛ ነበር!

እጄ አሁንም ግራሶ በግራሶ ነው፤ ግን ይሄን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሎኩ የኛ ነበር! የኛ!

እኔና እህቴ እንግሊዝ አገር የስትራትፎርድን ቦይ በኪራይ ጀልባ እየሄድንበት ነው። ሎክ ማለት ቦዩ ላይ ያለ፣ ከላይና ከታች በር ያለው ገንዳ ነው፤ ውሃው ሲሞላ ጀልባውን ያወጣዋል፣ ሲጎድል ያወርደዋል። ነገሩ የሆነው ዊልምኮት ላይ ነው፣ የሼክስፒር እናት መንደር። ከዚያ ወደ ስትራትፎርድ 11 ሎክ ተከታትሎ ይወርዳል። ሕጉ ደግሞ አንድ ነው፦ ሎኩ ሞልቶ ከሆነ ተራው የሚወርደው ነው፣ ጎድሎ ከሆነ የሚወጣው። ሌላው ይጠብቃል። አለቀ። ከታች የወጡት ሽማግሌ ባልና ሚስት ስንመጣ አይተው "ግቡ፣ ሞልቷል" ብለው የላዩን በር ክፍት ትተውልን አለፉ፤ እግዜር ይስጣቸው። እህቴ መሪውን ይዛ አቅንታ ልታስገባ ነው። ሎኩ ወርዱ ሁለት ሜትር ከምናምን ነው፤ ግራና ቀኝ መዳፍ አያስገባም።

ሰውዬው ከታች እየተጎማለለ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ጀርባውን በሩ ለሚገፋበት ግንድ ሰጥቶ በሩን ፊታችን ላይ ዘጋው። ከዚያ ወደ ታችኛው በር ሄዶ የውሃ መክፈቻውን ማኖቬላ ሰካና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አድርጎ ውሃውን ለቀቀው። ሮጬ ደረስኩበት። "ይቅርታ፣ ተራው የኛ ነው" አልኩት፣ በጨዋ ደንብ።

"ካፒቴናችሁ ማነው?"

"እህቴ ናት።"

"አይ፣ ወንዱን ማለቴ ነው።"

ወንድ የለም! ምን ያደርግልሃል ወንዱ? ከዚያ ጀልባችን ጎን ላይ ያለውን የኪራይ ድርጅት ስም አየና "እ፣ የኪራይ ናችሁ" ብሎ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቃል በቃል እየቆራረጠ "ሎክ... የሚሠራው... እንዲህ... ነው" አለኝ። ማኖቬላውን ዓይኔ ሥር እያወዛወዘ! ልጆቼን የወለድኩበት፣ ግብር የምከፍልበት አገር ውስጥ እንግሊዝኛ እየቆራረጠልኝ!

ከንቱ የፈሰሰው ውሃ ወደ 100 ሺህ ሊትር ነው። በ2025 በጋ በድርቁ የሊድስና ሊቨርፑልን ቦይ ጨምሮ ስንት ቦይ ተዘግቶ አልነበረም እንዴ? ያኔ "ውሃ ቆጥቡ" የማይል ማን ነበር?

የትናንቱ ደግሞ ሌላ ነው። ጥግ ይዞ የቆመ ጀልባ ውስጥ ያለ ሰው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ቀስ በሉ!" ይለናል። ከዚህ በላይ ቀስ ማለት የት አለ? የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 4 ማይል ነው፣ ውሻ የሚያናፍሱት ሰዎች ቀድመውናል። ከፊታችን ያለፈውን የግል ጀልባ ግን አንድም ቃል አልተናገረውም።

የሚያናድደኝ ቦዩን ስለምወደው ነው። በ1816 ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ድልድዮቹ መሃላቸው የተሰነጠቀው ድሮ ጀልባ ይጎትት የነበረው ፈረስ ገመዱ እንዲያልፍ ነው። ሊዘጋ ሲል በጎ ፈቃደኞች ጭቃውን በአካፋ ዝቀው በ1964 መልሰው የከፈቱት። እስረኞች ሁሉ ሠርተውበታል። ለዚህ ሰውዬ ብቻ ነው እንዴ የከፈቱት?

"ለምን አልነገርሽውም?" ትሉኛላችሁ። ዳር ላይ አይስክሬም የያዘ ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኗል። ድምፄን ከፍ ባደርግ "ተቆጪዋ ጥቁር ሴትዮ" ተብዬ ማታውኑ ልሰራጭ ነው። እሱ ግን ምን ይባላል? ምንም። ሚስቱም መሪውን ይዛ ዛፍ ዛፉን ታያለች። ደከመኝ፣ እውነቴን ነው። ወረፋ ያስተማርናችሁ እኛ ነን የሚሉን እነሱ አይደሉም?

አሁን ስትራትፎርድ ነን፣ ከወንዙ ዳር፣ ቲያትር ቤቱ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ፎቶ ላኪ አትበሉኝ፣ ምንም አላነሳሁም። ነገ ያንኑ 11 ሎክ ሽቅብ ልንመለስ ነው፤ እህቴ ከአሁኑ "እንዳትናገሪ" እያለችኝ ነው።

ሰውዬው እኮ ወጥቶ በጎናችን ሲያልፍ እጁን አንስቶ ምን እንዳለን ታውቃላችሁ? "ቺርስ!" አመሰግናለሁ መሆኑ ነው። ምኑ ነው ቺርስ የሚያስብለው?